ሰባተኛው ቀዳዳ

ጓደኛዬ ገርጂ አካባቢ ትንሽ ቡና ቤት አለው። ቡናውን እዚያው ራሱ ይቆላል። በአንዴ አንድ ኪሎ የሚቆላ ማሽን ገዛ። ማሽኑ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ለማንሳት ግን ሁለት ጎልማሳ ይፈልጋል። ሲቆላ ጭሱ እንዲወጣ ወደ በሩ መጠጋት አለበት። ሲያበቃ ደግሞ ደንበኛ እንዲያልፍ ወደ ጥግ መመለስ አለበት። ስለዚህ ባለ ጎማ ጠረጴዛ አስፈለገው።

እኔ «ከብረት አስበይደው» አልኩት። አሁንም ቢጠይቀኝ የምለው ይህንኑ ነው። እሱ ግን ዱባይ ላለው ወንድሙ ቀድሞ ነግሮ ነበር። ወንድምየው የአሉሚኒየም ፕሮፋይል ተሸክሞ መጣ። 40 በ40 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአራቱም ጎኑ ቦይ አለው። ፋብሪካ ውስጥ የማሽን አጥርና ጠረጴዛ የሚገጣጠምበት ዓይነት ነው። ሻጩ እዚያው ቆርጦ፣ በካርቶን ጠቅልሎ ሰጥቶታል፦ 700 ሚሊ ሜትር የሆኑ 4 ቋሚዎች፣ 620 የሆኑ 4 ረጃጅም አግዳሚዎች፣ 420 የሆኑ 4 አጫጭር አግዳሚዎች።

«አንተ እጅህ ጥሩ ነው፤ ብሎን ማሰር ብቻ ነው የቀረው» አለኝ።

ብሎን ለማሰር ግን ብሎኑ የሚነክሰው ጥርስ ያስፈልጋል። ጥርስ ደግሞ አልነበረም።

የዚህ ፕሮፋይል አገጣጠም እንዲህ ነው። መሃሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ክብ ቀዳዳ አለ። በአግዳሚው ጫፍ፣ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ ይወጣና ኤም8 (ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ) ብሎን ይገባበታል። የብሎኑ ጭንቅላት በቋሚው ቦይ ውስጥ ይንሸራተታል። ከዚያ ቋሚው ላይ በተበሳ ትንሽ ቀዳዳ በኩል 5 ቁጥር አለን ኪ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) አስገብቶ ማጥበቅ ነው። ከውጭ ምንም አይታይም፣ ያምራል። ስምንት አግዳሚ በሁለት ጫፍ 16 ቀዳዳ ነው። በቋሚዎቹ ግርጌ ለጎማዎቹ 4 ይጨመራል። በድምሩ 20 ጥርስ መውጣት አለበት። (ልጆቼ «አባዬ ጥርስ ሊያወጣ ነው» እያሉ ቅዳሜን ሙሉ ሲስቁብኝ ዋሉ።)

ሥራው በእጅ የሆነው በምርጫ አይደለም። ጥርስ የሚያወጣ ማሽን የለኝም፤ ያን ሰሞን ደግሞ ሰፈራችን መብራት ሲመጣና ሲሄድ ነበር። በእጅ እየዞረ ጥርስ የሚያወጣው መሣሪያ፣ የእጅ ታፕ፣ መብራት አይጠይቅም።

የታፕ ነገር ለማያውቅ ሁለት ቃል ልበል። የእጅ ታፕ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ይሸጣል። አንደኛው አንገቱ ላይ አንድ ቀለበት ተቀርጾበታል፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው ምንም የለውም። አንደኛው ጫፉ ረጅም ሆኖ የሾለ ነው። ቀስ ብሎ ይገባል፣ መንገድ ይጠርጋል። ሁለተኛው ያሰፋዋል። ሦስተኛው ጥርሱን ልኩ ላይ ያደርሰዋል። ሥራውን ለሦስት ተከፋፍለውታል ማለት ነው።

የኤም8 ጥርስ በአንድ ሙሉ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ይገባል። እኔ የፈለግኩት ጥልቀት 20 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ያ 16 ዙር ነው። በሦስት ታፕ 48 ዙር፣ በ20 ቀዳዳ 960 ዙር። ይህን ሒሳብ ባልሠራው ይሻለኝ ነበር። ቁጥሩን ካየሁ በኋላ አእምሮዬ አቋራጭ መፈለግ ጀመረ።

አርብ ማታ አራቱን ቋሚዎች ጨረስኩ። በሦስቱም ታፕ ነው የሄድኩት፣ ደረቁን። ዘይትም ሆነ ሌላ ነገር አልነካኋቸውም። «አሉሚኒየም ለስላሳ ነው» ብዬ ነበር። የታፑ እጀታ ስላልነበረኝ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ ተጠቀምኩ። መፍቻ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚይዘው። ሲገፉት ታፑን ከማዞር አልፎ ወደ ጎን ያዘነብለዋል። የመጀመሪያው ቋሚ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ረጅም ብሎን አስገብቼ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) አስጠጋሁት። ከጫፉ 60 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ 2 ሚሊ ሜትር ያህል አዘንብሏል። አየሁት። «ለጎማ ነው፣ ምን አለበት» ብዬ አለፍኩት። የቀሩት ሦስቱ ደህና ነበሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ረጃጅሞቹ አግዳሚዎች ዞርኩ። እዚህ ላይ ነው አቋራጩ የመጣው። አንደኛውንና ሁለተኛውን ታፕ ትቼ በቀጥታ በሦስተኛው ገባሁ። አምስተኛው ቀዳዳ ጮኸ። ጩኸት ስል የበር ማጠፊያ ዘይት ሲያጣ የሚያሰማውን ዓይነት ነው። ስድስተኛው የባሰ ጮኸ። ታፑን ሳወጣው ጥርሶቹ መሃል አሉሚኒየም ተለጥፎ አየሁ፤ ድስት ግርጌ እንዳረረ ገንፎ፣ በጥፍር የማይለቅ። በሚስማር ጫፍ ፈቅፍቄ አነሳሁትና ቀጠልኩ።

ሰባተኛው ላይ ሰባት ዙር ያህል ሄጄ ጠጠረ። ትንሽ ወደኋላ መለስኩት። ጠጠረ። እንደገና ወደፊት ገፋሁት። «ቀጭ» አለ። ድምፁ ትንሽ ነው፣ እንደ ደረቅ እንጨት። መፍቻው እጄ ላይ ቀለለ። የታፑ ግማሽ እኔ ጋ፣ ግማሹ አግዳሚው ውስጥ ቀረ።

ታፕ የሚሠራበት ብረት በጣም ጠንካራ ነው። ለዚያው ነው የሚሰባበረው። አይታጠፍም፣ አይለጠጥም። ውስጥ የቀረውን በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) ልብሳው ብትል ፑንታህ (የሚበሳው ስለት) ነው የሚያልቀው። በቀጭን መርፌ አፍንጫ ፒንሳ ሞከርኩ። የሚያዝ ነገር የለውም። በሚስማርና በመዶሻ በተገላቢጦሽ ልመልሰው አልኩ። ጠርዙ ተፈረፈረ እንጂ አልነቃነቀም። ቀትር ሲሆን አግዳሚውን በብብቴ አድርጌ ሰፈራችን ወዳለው ቶርኖ ቤት ሄድኩ።

የቶርኖ ቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። አግዳሚውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት። ቀዳዳውን አዩ። እኔን አዩ።

«ቀዳዳውን ለካኸው?»

«ሻጩ 6.8 ነው ብሎ ጽፎበታል ጋሼ።»

«ሻጩን አልጠየቅኩህም፣ ልጄ።»

ከመሳቢያ ሁለት ፑንታ አወጡ፣ አንዱ 6.8፣ ሌላው 6.5። አግዳሚውን ገልብጠው ባልተነካው ጫፍ በኩል የ6.8ቱን ፑንታ ለስላሳ ጭራ ወደ ቀዳዳው አስጠጉ። አልገባም። የ6.5ቱን አስጠጉ። ትንሽ ታግሎ ገባ። ምንም አልተናገሩም። ፑንታውን እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ተክለው ቡናቸውን ፉት አሉ።

ይህች ነገር የጉዳዩ ልብ ስለሆነች እዚህ ላይ ቆም ልበል።

ለኤም8 የሚሆነው ቀዳዳ በቀላል ሒሳብ ይገኛል። ከብሎኑ ውፍረት የጥርሱን እርምጃ፣ በአንድ ዙር የሚገባውን ማለት ነው፣ መቀነስ ነው። 8 ሲቀነስ 1.25፣ 6.75 ይሆናል፤ በፑንታ ቋንቋ 6.8። በዚህ ልክ የሚወጣው ጥርስ፣ ሙሉውን ጥርስ 100 ብንለው፣ ቁመቱ 74 ያህል ነው። ያ ይበቃል። ብሎኑን የሚይዘውም ያ ነው። ቀዳዳው 6.5 ሲሆን ግን ጥርሱ ወደ 92 ይወጣል። ትልቅ ጥርስ የተሻለ ይመስላል፤ አይደለም። ጥንካሬው የሚጨምረው በጥቂቱ ነው፤ ታፑ ላይ የሚያርፈው ጭነት ግን እጅግ ይበዛል። የሚነሳው ብረት ይበዛል፣ ፍቅፋቂው ይበዛል፣ ፍቅፋቂው የሚሄድበት ቦታ ደግሞ ይጠባል። በዓለም አቀፉ የብሎን መለኪያም ቢሆን የኤም8 ዳዶ ውስጠኛ ክብ ከ6.647 ማነስ የለበትም። የእኔ ቀዳዳ ከዚያ በታች ነበር።

እንዴት 6.5 ሆነ? ይህ ቀዳዳ በፑንታ የተበሳ አይደለም። ፕሮፋይሉ ሲሠራ ትኩሱ አሉሚኒየም በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተገፍቶ ነው የሚወጣው፤ ፓስታ ከማሽን እንደሚወጣ። ቀዳዳውም አብሮ ይወጣል። ቅርጽ ማውጫው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፣ ሲቆይም ይበላል። በኋላ የራሴን ፑንታ ስገዛ ሁሉንም ለካሁ። ቋሚዎቹ 6.8ን ያስገባሉ። አጫጭሮቹም ያስገባሉ። አራቱ ረጃጅም ብቻ ናቸው 6.5 የሆኑት። ጠጋ ብዬ ሳያቸው የቦያቸው ጥግ እንኳን ከሌሎቹ ትንሽ ለየት ይላል። ሻጩ ከሁለት የተለያየ ዘንግ ቆርጦ አንድ ላይ ጠቅልሎታል። እኔም «አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» እያልኩ አሥሩንም ጊዜ የለካሁት ርዝመቱን ነበር።

ይሁን እንጂ ሁሉንም በሻጩ ላይ መጫን አይገባኝም። የታፑን መሰበር ሳስበው አራት ጥፋት ተደራርቧል። ቀዳዳው ጠባብ ነበር። ሁለቱን ታፖች ዘልያለሁ፤ የሦስቱን ሸክም ለአንዱ ጫንኩበት። ደረቁን ሠርቻለሁ። በመፍቻ አዙሬያለሁ። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጄ ይሸፍነው ነበር ብዬ አምናለሁ። ቋሚዎቹ ላይ ሁለቱን ጥፋት ፈጽሜ ታፑ አልተሰበረም። አራቱ ሲገናኙ ግን አለቀ። ደረጃ ስጣቸው ብባል ቀዳዳውን አንደኛ አደርጋለሁ፤ ሁለተኛ የድርቀቱን ነገር። መፍቻውን የመጨረሻ። እሱ ያጣምማል እንጂ ብቻውን አይሰብርም።

ጋሼ ስለ ድርቀቱ ብዙ ተቆጡኝ። «ላምባ የለህም ቤትህ?» አሉኝ። ላምባ ለአሉሚኒየም የታወቀ መድኃኒት ነው። እንዲህ ያለ ፕሮፋይል አብዛኛውን ጊዜ 6063 ወይም 6060 ከሚባል ቅይጥ ይሠራል፤ ከአሉሚኒየም ሌላ ትንሽ ማግኒዝየምና ሲሊከን አለበት። ሲቆረጥ ይለጠጣል። ሙቀትና ግፊት ሲያገኝ ታፑ ላይ ይጣበቃል። የተጣበቀው ደግሞ ራሱ ስለት መስሎ ቀዳዳውን ይቧጭራል። ላምባ ቀጭን ስለሆነ እስከ ስለቱ ጫፍ ይደርሳል፣ ፍቅፋቂውንም ያጥባል። ወፍራም የሞተር ዘይት ከምንም ይሻላል፤ ግን ፍቅፋቂውን ወደ ጭቃ ይቀይረዋል። እኔ በኋላ ላምባ ላይ ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨምሬ ነው የሠራሁት። ሽታው ሁለት ቀን ከእጄ አልለቀቀም። ባለቤቴ እንጀራ በማንኪያ እንድበላ ፈረደችብኝ።

የተሰበረው ታፕ አልወጣም። ጋሼ ሞከሩ፣ ተዉት። «ከአግዳሚው ይልቅ ጊዜህ ውድ ነው፤ ቁረጠው» አሉ።

መቁረጡ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንዱን አግዳሚ ካሳጠርክ ትይዩዎቹንም ማሳጠር አለብህ፤ አለበለዚያ ጠረጴዛው ይጣመማል። 25 ሚሊ ሜትር ከእያንዳንዱ ለመቁረጥ ወሰንኩ። የተሰበረበትን ከተሰበረበት ጫፍ። ያልተነኩትን ሁለቱን ከፈለግኩበት። መጀመሪያ የጨረስኩት አግዳሚ ግን በሁለቱም ጫፉ ጥርስ ነበረው። አንዱ መሄዱ ግድ ነው። እየጮኸ የወጣውን ስድስተኛውን ሠዋሁት፤ አላሳዘነኝም።

በብረት መጋዝ ብቆርጥ ጫፉ ቀጥ አይልልኝም። የአግዳሚው ጫፍ ቋሚው ላይ ተለጥፎ ነው የሚቆመው። ጫፉ ከዘመመ ብሎኑ ሲጠብቅ ጠረጴዛውን ሁሉ ይዞት ይዞራል። ስለዚህ በርና መስኮት የሚሠራ የአሉሚኒየም ቤት ወሰድኳቸው። ልጁ ዲስኩን 90 ላይ አስሮ፣ ማቆሚያ ገጥሞ አራቱን 595 አድርጎ ቆረጣቸው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። የማሽኑ መቀመጫ 540 ስለሆነ 595 በቂ ነበር። ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ትርፍ መተው ጥሩ ልማድ ነው። እኔ ግን በልማድ ሳይሆን በዕድል ነው የተረፍኩት።

ቀጥሎ 6.8 ፑንታ ፍለጋ። ጋሼ የራሳቸውን አላዋሱኝም፤ መብታቸው ነው። መርካቶ ሦስት ሱቅ ገባሁ። 6.5 አለ፣ 7 አለ። «7 ውሰድ፣ 0.2 ምን ልዩነት አለው?» አለኝ አንዱ። ልዩነትማ አለው። በ7 የሚወጣው ጥርስ ቁመቱ 62 ያህል ነው፤ መለኪያው ከሚፈቅደው 6.912ም አልፏል። ወፍራም ብረት ላይ፣ ለቀላል ነገር ቢሆን ግድ ባልሰጠኝ። አሉሚኒየም ላይ፣ የሚንቀጠቀጥ ማሽን ለሚሸከም ጠረጴዛ አላደርገውም። አራተኛው ሱቅ ውስጥ አንድ ፍሬ ተገኘ። እዚያው ባለ ሁለት ክንድ የታፕ እጀታና አዲስ የሦስት ታፕ ስብስብ ገዛሁ፤ አንገቱ ላይ ኤችኤስኤስ (ለመቁረጫ የሚሆን ጠንካራ ብረት) የሚል ያለበትን። የፊተኛው ምንም አልተጻፈበትም ነበር። ቀሽም ነገር መሆኑ ዋጋው ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል።

ሌላው የገዛሁት ነገር የለም፤ የሠራሁት ግን አለ። ቤት ውስጥ የወይራ ቁራጭ ነበር። 40 በ40 አድርጌ በሞረድ አስተካከልኩት። ቁመቱ ሦስት ጣት ያህል ነው። ጋሼ ቆሞ በሚበሳው ማሽናቸው መሃሉን በ8 ሚሊ ሜትር ቀጥ አድርገው በሱልኝ። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። እንጨቱን ፕሮፋይሉ ጫፍ ላይ ታስቀምጣለህ። አራቱንም ጎን በጣትህ እየዳሰስክ ከፕሮፋይሉ ጎን ጋር እኩል ታደርገዋለህ። እኩል ሲሆን የእንጨቱ ቀዳዳና የፕሮፋይሉ ቀዳዳ ተገናኝተዋል። ከዚያ በፕላስተር ጠፍንገህ ታፑን በእንጨቱ ውስጥ ማውረድ ነው። ታፑ ወዴትም ማዘንበል አይችልም። አንደኛው ታፕ አምስት ስድስት ዙር ከሄደ በኋላ እንጨቱ ይነሳል፤ መንገዱ ተይዟል።

እሑድ ሥራው ሌላ ነበር። አግዳሚውን በአሮጌ ጂንስ ጨርቅ ጠቅልዬ ሞርሳ (አጥብቆ የሚይዝ መንጋጋ) ላይ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። ረጃጅሞቹን በ6.8 ፑንታ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አሰፋሁ። ፑንታው ላይ በ25 ቦታ ፕላስተር ጠምጥሜ ምልክት አደረግኩ። እዚህ ላይ ትራፓኖውን ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። የሚነሳው ጥቂት ስለሆነ ፑንታው በፍጥነት ከሄደ ይነክስና አግዳሚውን ከሞርሳው ሊነቅለው ይሞክራል። አንዴ አድርጎኛል። የመጨረሻው ጫፍ ላይ እያለሁ መብራት ሄደ። ግድ አልነበረኝም፤ የቀረው የእጅ ነው።

የቀዳዳውን አፍ በወፍራም ፑንታ በእጄ ትንሽ ከፈት አደረግኩት፤ የመጀመሪያው ጥርስ ጠርዙን እንዳያሳብጠው። ከዚያ ላምባ፣ አንደኛው ታፕ። አንድ ዙር ወደፊት፣ ግማሽ ዙር ወደኋላ። ወደኋላ ሲመለስ እጅ ላይ «ጠቅ» የምትል ነገር አለች። ፍቅፋቂው መቆረጡ ነው። እስክትሰማ መጠበቅ ነው። ካልተሰማች ፍቅፋቂው ረዝሞ ውስጥ እየተጠመጠመ ነው ማለት ነው። አራት አምስት ዙር ከሄደ በኋላ ታፑን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠርገዋለሁ። (አዎ፣ በጥርስ ብሩሽ። ልጆቹ ይህንንም አልማሩኝም።) እንደገና ላምባ። ሁለተኛው ታፕ። ሦስተኛው።

ያን ቀን ምንም አልጮኸም። ሦስተኛውን ታፕ በሁለት ጣት ነበር የማዞረው። የመጀመሪያው ቀዳዳ 25 ደቂቃ ወሰደ፤ ማታ ላይ አንዱን በ8 ደቂቃ እጨርስ ነበር። በሦስት ታፕ መሄድ ጊዜ ይፈጃል ያልኩት እኔ ነኝ። ታፑን ከሰበርኩበት ሰዓት ጀምሮ ለቶርኖ ቤት፣ ለአሉሚኒየም ቤት፣ ለመርካቶ ያጠፋሁትን ብደምረው፣ የዘለልኳቸውን ዙሮች ሁሉ ሦስት ጊዜ እሠራቸው ነበር።

ጥርሶቹ ካለቁ በኋላ ቀዳዳዎቹን በላምባ አጠብኩ፣ በብስክሌት መንፊያ ነፋኋቸው። ውስጥ የቀረ ፍቅፋቂ ብሎኑ ሲገባ ጥርሱን ይበላል። ብሎኖቹ አይዝጌ ብረት ስለሆኑ ትንሽ ቅባት ቀባኋቸው። አይዝጌ ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ካገኛቸው አይስማሙም፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ቡና ቤት ውስጥ ደግሞ ወለል ሳይታጠብ የሚውልበት ቀን የለም። መጀመሪያ ሁሉንም በላላው አሰርኩ፤ ሁለቱን ሰያፍ በሜትር ለክቼ እኩል ሲመጡ አጠበቅኩ።

ጠረጴዛው አሁን ሦስት ወር ሠርቷል። ማሽኑ በየቀኑ ይንቀጠቀጥበታል። አንድ ብሎን ብቻ ነው ላልቶ ያገኘሁት፣ አምስተኛው ቀዳዳ ላይ ያለው። እየጮኸ ወጥቶ ከመቆረጥ ያመለጠው እሱ ብቻ ነው። አጥብቄዋለሁ። እንደገና ከላላ ቀዳዳውን በ8.5 አስፍቼ ወደ ኤም10 አሳድገዋለሁ። ፕሮፋይሉ ለዚያ የሚበቃ ሥጋ አለው።

ታፑ ያለበት 25 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ቡና ቤቱ ባንኮኒ ላይ ነው፤ ደረሰኝ ንፋስ እንዳይወስደው ይጫንበታል። ጓደኛዬ አግዳሚዎቹ ለምን እንዳጠሩ እሱን እያሳየሁ ነግሬዋለሁ። የመጀመሪያውን ቋሚ ግን አልነገርኩትም። ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛውን ወደ በሩ እየጎተተ ቆመና «ይቺ አንዷ ጎማ ለምንድነው እንዲህ ዘመም የምትለው?» አለኝ።

«ወለልህ ነው» አልኩት።